ወንድም በፖስታ አይጠየቅም

ወሬው የደረሰኝ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ነው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨርሼ ለሥራ ቦት ጫማዬን እያጠለቅኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው እማማ ተዋበች ከሁለት የማኅበራችን ሴቶች ጋር ቆመዋል። ሦስቱም ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል፤ ሦስቱም መሬት መሬቱን ያያሉ። እማማ ተዋበች እዚህ ዊኒፔግ ባለው ደብራችን መርዶ የሚነግሩ ሴት ናቸው። ደሴ ያላችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ሦስት ሆኖ የመጣን ሰው ማንም "ግቡ፣ ቁርስ ላቅርብ" አይለውም።

"መስፌን! ወንድሜን!" ብዬ ጮኽኩ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፤ ደረቴን መታሁ። ከታች የምትኖረው ፊሊፒናዊት ጎረቤቴ ከነሌሊት ልብሷ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠች።

እማማ ተዋበች ሁለት እጄን ለቀም አደረጉ። "ኧረ አልሞተም! አስካለ! በእመብርሃን አልሞተም፤ ታሞ ነው!"

"ታሞ ነው? ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን አመጣችሁ?"

"ምን እናድርግ ልጄ፣ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ እንገባለን።"

አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን የሸረበችው የወንድሜ የመስፍን ሚስት ራሄል ናት። ክፉ ወሬ ብቻዬን በስልክ እንዳልሰማ ብላ ሰው ላከችብኝ። ሴቶቹ ከበውኝ ከተቀመጡ በኋላ ከሚኒሶታ ደወለች።

እዚህ ላይ ለማታውቁኝ ልንገር። ከአምስት ዓመት በፊት የመስፌ ኩላሊቶች ሲደክሙ አንዱን የኔን አዲስ አበባ ላይ ሰጠሁት። እግዚአብሔር ይመስገን ተስማማው። ከዚያ እሱ ዲቪ ደርሶት ከራሄልና ከልጃቸው ከሊያ ጋር አሜሪካ ገባ፤ እኔም እንጀራዬ ወደ ካናዳ ሆነ። በአንድ ኩላሊቴ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድስት አነሣለሁ፤ ምንም ጎድሎኝ አያውቅም።

ራሄል በስልክ እንዲህ አለችኝ፤ መስፌ ሲያተኩሰው፣ ክብደቱ ሲቀንስ ቆይቶ ከተተከለው ኩላሊት አጠገብ እብጠት ተገኘበት። ከእብጠቱ ቆንጥረው መረመሩት። ሊምፎማ ነው አሉ። ከበሽታ የሚጠብቁን የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር ሲሆኑ እንደዚያ ይባላል፤ የሌላ ሰው አካል የተተከለለትን ሰው አንዳንድ ጊዜ ይይዘዋል።

"እና…" አለች።

"እና ምን? ጨርሺው እንጂ!"

"የካንሰሩ ሴሎች ላይ የወንድ ምልክት አጣን አሉ፣ እትዬ አስካለ። ምናልባት ከሴት የመጡ ይሆናሉ አሉ። ካንቺ ኩላሊት ጋር የገቡ ይሁኑ የራሱ ይሁኑ ለመለየት ያንቺን ናሙና ይፈልጋሉ።"

ካንቺ ኩላሊት ጋር የገቡ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሆዴ ይዤው የዞርኩት ነገር ይሄ ነው። ለወንድሜ ዕድሜ ሰጠሁ ብዬ በየኪዳኑ ያመሰገንኩት፣ በሽታ ሰጥቼው ከሆነስ? ደግሞ የኔ ሆኖ ከተገኘ ኩላሊቱን አውጥተው ሊጥሉት፣ እሱም ወደ እጥበት ማሽኑ ሊመለስ እንደሚችል ራሄል ነገረችኝ።

"መምጣት ግን አያስፈልግሽም" አለችኝ። "በፖስታ ጥጥ ይልኩልሻል፤ ጉንጭሽን ከውስጥ ጠርገሽ ትመልሺላቸዋለሽ።"

"ወንድም በፖስታ ይጠየቃል እንዴ?" አልኳት።

እማማ ተዋበች ከጎኔ ሆነው፣ "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉና ከቦርሳቸው ለሥራ የያዙትን ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለስንቅ ሰጡኝ።

ዓርብ

የተጓዝኩት ከጋሽ ኢድሪስ ጋር ነው። ጋሽ ኢድሪስ የከረን ሰው ናቸው፤ ኤርትራዊ፣ እስላም፣ ጡረተኛ። በልጅነታቸው በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። ልጃቸው ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ ከተማ፣ የልብ መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለችና ሊጠይቋት ሊሄዱ ነበር። የኔን ነገር ሲሰሙ ጉዟቸውን በአንድ ሳምንት አስቀድመው፣ "በዚያው ነኝ ልጄ" አሉኝ። በዚያው ማለታቸው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ከዊኒፔግ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ለጥ ያለ ነው። ደሴ ላይ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ጦሳ ፊቱ ተገትሮ ይጠብቀዋል፤ እዚህ ግን ዓይን የሚያርፍበት የለም። ምድሩ በአይበሉባ የተደመደመ አውድማ ይመስላል።

"ጋሽ ኢድሪስ፣ ዳገት የሚባል የለም?"

"ዳገቱን ሁሉ ለኛ ሰጥተው ነው ልጄ" አሉ፣ መሪያቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው።

ድንበር ላይ ቆምን። እኔ ጥንቁቅ ነኝ፤ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ እናቴ ከደብራችን የላከችልኝን እምነት ሁሉ በየፌስታሉ ለይቼ፣ ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፌበታለሁ። እምነት ማለት ለማታውቁት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ የተባረከ አመድ ነው፤ በሽተኛ ይቀባዋል፣ ትንሽም ይቀምሰዋል። የድንበሩ ጠባቂ ወጣት "አመድ" የሚለውን አንብቦ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አዝናለሁ። የማን አመድ ነው?" አለኝ። ለካ በነሱ አገር ሬሳ አቃጥለው አመዱን ይይዛሉ!

ጋሽ ኢድሪስ ቀድመውኝ በመስኮቱ ብቅ አሉና፣ "ማንም አልሞተም፤ ይህ እንዳይሞት ነው" አሉት። ልጁ ሳቀ፤ አሳለፈን።

ፋርጎን አልፈን ወደ ምሥራቅ እንደታጠፍን በረዶ ጀመረ። መጥረጊያው አይችለውም። ጋሽ ኢድሪስ ቢስሚላህ፣ እኔ ስምህ ይቀደስ እያልን ስንሄድ መኪናችን ቀስ ብላ፣ እንደ ደከማት ላም፣ ወደ ቦዩ ወረደችና ተኛች። ማንም አልተጎዳም። ብዙም ሳንቆይ ትልቅ ፒክአፕ የያዘ ጢማም ገበሬ ቆመ። ምንም ሳይጠይቀን ገመድ አሰረ፣ ጎተተ፣ አወጣን። ላመሰግነው ዳቦ ቆሎውን ዘገንኩለት። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ጨምሮ ሲያኝክ ጥርሱን ያዘው፣ ግን ጨዋ ነው፤ "ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ በመኪናው እየመራ እስከ አንድ የመንገድ ዳር ሞቴል አደረሰን፤ "ዛሬ ከዚህ አትለፉ" ብሎን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

የሞቴሉ ባለቤት የሕንድ ሴት ነበረች። ቁልፍ ከመቀበሌ በፊት፣ "ምሥራቅ በየት በኩል ነው?" አልኳት፤ ለጸሎት ነው። በጣቷ አሳየችኝ። ጋሽ ኢድሪስ ቀጥለው ስልካቸውን አውጥተው ቂብላን፣ የሚሰግዱበትን አቅጣጫ፣ አዩና፣ "የኔ ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ ነው ይላል" አሉ። ሴትዮዋ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ጥግ ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ክፍሎች ሰጠችን። "እነዚህ ለሁለታችሁም ይመቻሉ" አለች። ጾመ ነቢያት መሆኑን ስትሰማም የራሷን ምስር ወጥ በሳህን አመጣችልኝ። ከኛ ምስር የሚለየው ቅመሙ ነው እንጂ እጇ እናቴን አስታወሰኝ።

ቅዳሜ

ሰማዩ ጠርቶ አደረ። እኩለ ቀን ላይ ሆፕኪንስ ደረስን። ሆፕኪንስ ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሦስት ፎቅ የሆኑ የኪራይ ቤቶች በብዛት አሏት። ሚኒያፖሊስንና ሴንት ፖልን በምን ልመስላቸው? ደሴና ኮምቦልቻ በሏቸው፤ ጎን ለጎን ሆነው አንዷ ሌላዋን ሳታማ አታድርም። በመካከላቸው በሐረጎ ዳገት ፋንታ ወንዝ አለ።

መስፌ በሩን ራሱ ከፈተው። ከስቷል፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ይዋኛል። ላቅፈው ስንደረደር ራሄል መሐላችን ገባች። "እጅ መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ፣ መሳም የለም!"

አንድ ደም ነን፣ አንድ ኩላሊት ተካፍለናል፤ ክርን ለክርን ተነካክተን ሰላም ተባባልን።

"ትልቋ አስኩ መጣች!" አለ መስፌ፣ ወደ ሆዱ ጎንበስ ብሎ። "ትንሿ፣ ሰማሽ? ባለቤትሽ መጥታለች፤ በሥርዓት ተቀመጪ።"

ለካ ኩላሊቱን በስሜ ሰይሟታል። ውሃ ሲጠጣ "አስኩ ጠምቷታል" ይላል፤ ሽንት ቤት ሲሄድ "አስኩ ሥራ ላይ ናት"። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሊያ በእንግሊዝኛ፣ "ዳዲ ኢዝ ሶ ዊርድ" አለች፤ አባዬ ጉደኛ ነው ማለቷ ነው። ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን አሰብኩ። ትንሿ አስኩ ጥፋተኛ ሆና ብትገኝስ?

ራሄል በጾም የሚበላውን ሁሉ አሰናድታ ነበር፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት። እሷ የነርስ ረዳት ናት፤ ሌሊት ሠርታ ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። መስፌን የንስሐ አባቱ ከጾም ፈትተውታል፤ ሐኪሞቹም እንቁላል ብላ ብለውታል። እሱ ግን እኔ ፊት ማፈሩ አልቀረም። መኝታ ቤቱን ዘግቶ ይበላል።

"መስፌ፣ ሽታው እኮ ይመጣል" አልኩት በበሩ።

"አላየሽም፤ ያላየሽው ጾምሽን አይገድፍም!"

"ውጣና ብላ፣ አንተ! በሽተኛ ተደብቆ ሲበላ የት አገር ታየ?"

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጠያቂ መጣ። እዚህ ላይ የነሱን ብልሃት ልንገራችሁ። የመስፌ መድኃኒት ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይጠላ ብሎ የሰውነቱን ዘበኞች አስተኝቷቸዋል፤ ስለዚህ ጉንፋን እንኳ ይፈራለታል። ሐበሻ ደግሞ በሽተኛ ሳይጠይቅ ማደር አይችልም። ስለዚህ ቤታቸው ምድር ወለል ላይ ነውና፣ ጠያቂው በውጭ፣ በመስታወቱ በር በኩል፣ በረዶው ላይ ይቆማል። መስፌ ከውስጥ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በስልክ ይነጋገራሉ።

"እግዚአብሔር ይማርህ!" ይላል ከውጭ ያለው፣ ጮክ ብሎ፣ ስልኩን ረስቶ።

"አሜን፤ ብርድ ላይ አትቁሙ፣ ሂዱ እንጂ!"

"ኧረ ገና አሁን መጣን!"

ነጠላ ከወፍራም ጃኬት በላይ ደርበው አሥራ ምናምን ሰዎች በረዶ ውስጥ ተደርድረው ሳይ፣ ጥምቀትን በበረዶ አገር የሚያከብሩ መሰሉኝ። ከፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ነጭ ባልቴት በመስኮቷ ስታየን ቆይታ ወረደች። ጸጥ በሉ ልትለን ነው ብዬ ስሳቀቅ፣ የሚታጠፉ ወንበሮች ይዛ ነው የመጣችው፤ ቀጥሎ ትኩስ ሻይ በቴርሞስ። "ሰውየው ታዋቂ ዘፋኝ ነው?" ብላ ራሄልን ጠየቀቻት። "አይ፣ አውቶቡስ ሹፌር ነበር" ስትላት፣ "እኔ ስታመም ሁለት ሰው ነው የመጣው" አለች ባልቴቷ። ከዚያ በኋላ ከጠያቂዎቹ ጋር ቆማ እሷም "ይማርህ" ማለትን ለመደች።

ሰኞ

ሆስፒታል ሄድን። ከፓርኪንጉ እስከ ክሊኒኩ ድረስ በመስታወት በተሸፈነ ድልድይ ነው የሚኬደው፤ ውጭውን ሳይረግጡ ከሕንፃ ሕንፃ ይሻገራሉ። ሊፍት ውስጥ ስንገባ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ፤ ከቦርሳዬ ከእናቴ እምነት ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አደረግኩ።

ዶክተሯ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኙን፤ ወንድ ነው፣ ከየት ግዛት እንደሚናገር እንጃ። መጀመሪያ ስሙን ሳይሆን የአስተርጓሚ መለያ ቁጥሩን ነገረን።

ዶክተሯ ያለችውን እንደገባኝ ላስረዳ። በእያንዳንዷ ሴል ውስጥ የባለቤቷ መለያ አለ፤ ጂን የሚሉት ነው። ወንድ ልጅ ከአባቱ ብቻ የሚወርሰው ዋይ የሚባል ክሮሞዞም አለ፤ ሴት የላትም። የመስፌ ካንሰር ላይ ዋይን ፈለጉ፤ አጡት። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው አለች። ወይ ሴሎቹ ከኔ ኩላሊት ጋር የተሻገሩ ናቸው፤ ወይ የራሱ ሆነው ዋይን ጥለውታል።

"ሴል ምልክቷን ትጥላለች እንዴ?" አልኩ።

አስተርጓሚው የሷን መልስ ተረጎመ፤ "ካንሰር የሆነ ሴል ሲባዛ ይሳሳታል፤ ብዙ ነገር ይጥላል፣ ብዙ ነገር ይደግማል። ለዚህ ነው በዋይ ብቻ የማንፈርደው፤ የእህትን ናሙና፣ የወንድምን ናሙና፣ የካንሰሩን ናሙና ጎን ለጎን አድርገን ብዙ ቦታ ላይ እናነጻጽራለን።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "ይህን ያሉት ዶክተሯ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በራሴ አይዞዎት እላለሁ" አለ።

"ትርፍ መተርጎምም አለ?" አለ መስፌ።

አንድ ነገር ግን ብፈራም መጠየቅ ነበረብኝ። "ዶክተር፣ የኔ ከሆነ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?"

ራሷን ነቀነቀች። ይህን በሽታ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ቫይረስ አለ አለች፤ በልጅነት ማንም ሰው የሚይዘው፣ በነጭ ደም ሴል ውስጥ ዕድሜ ልክ ተኝቶ የሚኖር። የመስፌም ካንሰር ውስጥ ተገኝቷል። ዘበኞቹ በመድኃኒት ሲተኙ እሱ ይነቃና ሴሏን ያባዛታል። "ከማንም ይምጣ፣ ማንም ጥፋተኛ አይደለም" አለች። እሷ ይህን አለች፤ የኔ ልብ ግን እሷን አልሰማም።

ናሙና የምትወስደዋ ልጅ መጣች። "ከመጣሽ ወዲህ የበላሽው፣ የጠጣሽው ነገር አለ?"

"የለም" አልኩ፣ ራሴን ቀና አድርጌ። "ጾመኛ ነኝ።"

ጥጡን ጉንጬ ውስጥ አሸችው። ሲወጣ ግራጫ መሰለኝ። እኔ እንጃ፣ መብራቱ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

ከምሳ በፊት ለራሄል ተደወለላት። ናሙናዬ አልተነበበም፤ የሆነ ባዕድ ነገር ገብቶበታል፤ በድጋሚ ይሰጥ። "እትዬ አስካለ፣ አፍሽ ውስጥ ምን ነበር?"

"ምንም አልበላሁም ብያችኋለሁ…" ስል እዚያው ቃሌ ተንጠለጠለ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። "ወይኔ! እምነቱ!"

ራሄል መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። መስፌ ከመኝታ ቤት ከነእንቁላል ሳህኑ ወጣ። "ምን ሆናችሁ?"

"እህትህ አመዱን አስመርምራለች!"

"እምነት ምግብ አይደለም እኮ!" አልኩ። "ልጅቱ የጠየቀችኝ የበላሽው ብላ ነው! እምነት ይበላል? ይቀመሳል እንጂ!"

እነሱ ይሳቁ፤ እኔ ግን ከፋኝ። ሦስት ቀን የጠበቅነው መልስ በኔ አፍ ጠፋ። ደግሞ በውስጤ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ምናልባት እግዚአብሔር እንዳላውቅ ፈልጎ ይሆን? ወደ መስፌ ንስሐ አባት ደወልኩ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚኖሩ፣ ቀን መኪና የሚነዱ፣ ጨዋታ የሚወዱ አባት ናቸው። ጨርሰው አዳመጡኝና ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ በስልክ ተሰማኝ።

"ልጄ፣ እምነቱ የራሱን ሥራ ይሠራል። ላቦራቶሪውም የራሱን ይሥራ። በማይገባ ቦታ አታገናኚያቸው። ግንባርሽን ቀብተሽ ሂጂ፤ አፍሽን ግን በውሃ ተጉመጥመጪ።"

ዓርብ

ተጉመጠመጥኩ፤ ሦስት ጊዜ፣ በሥላሴ ስም። ልጅቱ ይህን ጊዜ አፌን በባትሪ አየችው። ለእርግጠኝነት ከክንዴ ደምም ወሰዱ። ጥጡ ነጭ ሆኖ ገባ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች የመጠበቅ ቀኖች ናቸውና አላስረዝማቸውም። የሥራ ፈቃዴን አራዘምኩ፤ አለቃዬ "ወንድምሽ ነው፣ ቆዪ" አለኝ። መስፌ አንድ ቀን ሲያተኩሰው አደረ። ሊያ ትልቅ ወንዝ ልታሳየኝ ከእናቷ ጋር ወስዳኝ ሚሲሲፒን ሳይ፣ ዳሩ በረዶ ሆኖ መሐሉ ብቻ ይፈስሳል። "አንቲ፣ ዱ ዩ ላይክ ኢት?" አለችኝ። ወደድኩት አልኳት፤ ሐሳቤ ግን ከወንዙ ይልቅ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ምግብ ቀርቦልኝ ሁለት ጉርሻ ስበላ ራሄል፣ "ጾሙ ነው ወይስ ሐሳቡ?" ትለኛለች። ሦስተኛውን ራሷ ታጎርሰኛለች።

ረቡዕ

ጋሽ ኢድሪስ ሊመልሱኝ ከፍሪድሊ መጥተው ነበርና አብረውን ክሊኒክ ገቡ። ጥጉ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ እኔ ሌላው ጥግ የራሴን። መስፌ መካከል።

ዶክተሯ ገባች። አስተርጓሚው ተገናኘ፤ ድምፁ ያው የሰኞው ሰው ነው። ዶክተሯ ወደኔ ዞራ ረጅም ነገር ተናገረች። እንግሊዝኛዬ የወጥ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ "ሂዝ ኦውን" የሚል ብቻ ያዝኩ። ስልኩ ጸጥ አለ።

"ሃሎ?" አለ መስፌ። "አስተርጓሚ?"

"እህቴ፣ እልል ይበሉ!" አለ ስልኩ።

"ምን አለች?" ራሄል ከወንበሯ ተነሣች።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ… ልተርጉም። ሴሎቹ የወንድምዎ የራሱ ናቸው። ከርስዎ አልመጡም። ኩላሊቱ ንጹሕ ነው፤ አይወጣም።"

እልል አልኩ። ሆስፒታል መሆኑን ረሳሁት። ራሄል ተቀበለችኝ፤ በስልኩ ውስጥ ሰውየው "እልል" ሊል ሞክሮ የወንድ ድምፁ ተሰበረ። ጋሽ ኢድሪስ "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" አሉ። በሩ ተበርግዶ ሁለት ነርሶች ሮጠው ገቡ፤ የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ነው። ዶክተሯ በእጇ አረጋጋቻቸው፤ እሷም ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

"ትንሿ አስኩ በነጻ ተለቀቀች!" አለ መስፌ፣ ሆዱን እየመታ።

ሲረጋጋ ዶክተሯ የቀረውን ነገረችን። ሴሎቹ የመስፌ ሆነው ዋይን ጥለውት ነው የሴት የመሰሉት። ቫይረሱ ያለበት እንዲህ ያለ ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ የጂን ስሕተቱ ጥቂት ነው፤ የሱም ጥቂት ነው፣ የሚያስፈራቸውንም አላገኙበትም። ስለዚህ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይጠላ የሚወስደውን መድኃኒት ቀስ ብለው ይቀንሱለታል፤ የተኙት ዘበኞች ነቅተው እንዲዋጉለት። ከዚያም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በየሳምንቱ ይጀምራል። ዘበኞቹ ሲነቁ ደግሞ ኩላሊቱን እንዳይነኩበት በቅርብ ይከታተሉታል። ተስፋው ጥሩ ነው፤ ግን ገና ነው አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ መስፌ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። መንገዱን እያየ፣ "የራሴ ነው አሉ፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ደግ። ያንቺ ቢሆን ምን ብዬ እቆጣው ነበር? ውለታሽ እየከበደኝ እሸነፍለት ነበር። ከራሴ ጋር መጣላት ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅበታለሁ።"

"አውቅብሃለሁ" አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን መስኮቱ ላይ ጣለ። ሳየው በጣም ደክሞት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስንዘል፣ ስንጮህ፣ ማናችንም ወደሱ ፊት አላየንም ነበር።

ሐሙስ

በማለዳ ተነሣን። ራሄል ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ፤ ባልቴቷ ከፎቅ ወርዳ የሱፍ ካልሲ ሰጠችኝ። መስፌ በመስታወቱ በር ውስጥ ሆኖ እጁን አነሣ፤ እኔም ከውጭ። ስልክ አልያዝንም። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ጋሽ ኢድሪስ አልተንሸራተቱም፤ ሲመሽ ዊኒፔግ ገባን።

ይህን የጻፍኩት ለደሴዎቹ ነው። መጨረሻው ግን በዚያ ክፍል ለነበራችሁት ነው፤ ለራሄል፣ ለጋሽ ኢድሪስ፣ ለዶክተሯ፣ ሮጣችሁ ለገባችሁት ነርሶች፣ ስምህን ሳትነግረኝ በስልክ እልል ልትልልኝ ለሞከርከው አስተርጓሚም። የዚያን ዕለት እልል ያልነው ለኔ ነበር። ከኔ አልመጣምና ደስ አለን፤ በሽታው ግን እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነበር፤ መስፌም ከኛ ጋር ስለኔ ሳቀ። አሁን መድኃኒቱን ጀምሯል። ጠይቁት፤ በመስታወትም ይሁን። ጨርሶ፣ ጠፍቷል የተባለ ቀን ደግሞ እኔ ሥራ ላይ እሆን ይሆናል፤ መንገዱም በረዶ ይሆን ይሆናል። እንዳትጠብቁኝ። ፊት ለፊቱ ቁሙና፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ፣ ለሱ እልል በሉለት።